የቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ታሪክ፤ ስለ ታናናሽ መንጋዎችም ጥበቃ

ለደብር የኢዮቤልዩ በዓል በሚታተም መጽሐፍ ውስጥ እንደ ልማዱ የሚጻፈው ቤተ ክርስቲያኑን የመሠረቱትንና ያሠሩትን አባቶች የሚያመሰግን ነገር ነው፤ ይህም የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ከበሮው በሚመታበት፥ ጽናጽሉ በሚንሿሿበት በዚህ ቀን፥ ጥቂት መንገድ ቢሄዱ ደጁ ተዘግቶ በቅጥሩ ሣር የበቀለበት ሌላ ደብር መኖሩን መዘንጋት አይገባንም። በገጠሩ ለቅዳሴ የሚያስፈልጉት አምስቱ ልዑካን ሳይሟሉ ቀርተው ቅዳሴ የታጐለበት፥ ታቦቱም ወደ ጎረቤት ደብር ተወስዶ በእንግድነት የተቀመጠበት ስፍራ አለ። በባዕድ አገርም የሚኖሩ ወገኖቻችን በኪራይ አዳራሽ ተሰብስበው ማኅበር ካቆሙ በኋላ በአንዲት ከተማ ሁለትና ሦስት ሆነው የተከፈሉ ብዙዎች ናቸው። ካህናቱና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፥ ይዘጋ ወይስ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ይሁን ወይስ በጥቂት ሰውም ቢሆን ይቀጥል እያሉ ሲመካከሩ፥ ምክሩ ስለ ነፍስ መሆኑ ቀርቶ ስለ ርስትና ስለ ሹመት የሚሆንበት ጊዜ አይታጣም።

ስለዚህ ነገር ባሰብሁ ቍጥር ከአበው ሊቃውንት ሁሉ ይልቅ በሐሳቤ ፊት የሚቆመው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው። ሊቃውንቱ ቃሉን በሃይማኖተ አበው ያነባሉ፥ ምእመናንም ስሙን በክብር ይጠራሉ፤ ነገር ግን የምሥጢረ ሥላሴ መምህር መሆኑን እንጂ ዕድሜውን ሁሉ ከተከፈለ፥ ከተበተነና ከተረሳ መንጋ ጋር እንደ ኖረ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ጎርጎርዮስ የተወለደው በቀጰዶቅያ አውራጃ፥ እንዚናዙ ከምትባል ታናሽ ከተማ አጠገብ፥ አርያንዝ በምትባል በአባቱ ርስት በ329 ዓ.ም. ገደማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) እናቱ ኖና የምትባል ጸሎተኛ ሴት ነበረች። አባቱም እንደ ልጁ ጎርጎርዮስ የሚባል ሲሆን አስቀድሞ ልዑል አምላክን እናመልካለን ከሚሉ፥ ነገር ግን ከክርስቲያን ወገን ካልሆኑ ሰዎች አንዱ ነበረ። ኤጲስ ቆጶሳት ወደ ኒቅያ ጉባኤ በሚጓዙበት በ325 ዓ.ም. በሚስቱ ጸሎትና ምክር አምኖ ተጠመቀ፤ ጥቂት ዓመትም ቈይቶ የእንዚናዙ ኤጲስ ቆጶስ ሆነና 45 ዓመት ያህል መንጋውን ጠበቀ። በዚያ ዘመን ሚስት ያገቡ ሰዎች ለጵጵስና ይሾሙ ነበርና አንባቢ በዚህ አይደነቅ። ይህ ሽማግሌ ከሕዝቡ ጥቂት፥ ከራሱ ገንዘብ ግን አብዛኛውን አውጥቶ ስምንት ማዕዘን ያላት ያማረች ቤተ ክርስቲያን ለከተማው አሠራ።

ልጁ በቂሣርያ፥ ከዚያም በፍልስጥኤምና በእስክንድርያ፥ በመጨረሻም በአቴና ተማረ። ወደ አቴና ሲሄድ በባሕር ላይ ታላቅ ማዕበል ተነሥቶበት ገና ሳይጠመቅ እሞታለሁ ብሎ እጅግ ፈርቶ ነበር። በአቴና ከባስልዮስ ጋር አንድ ነፍስ በሁለት ሥጋ እንደሚባለው ሆኖ ኖረ፤ ኋላ ከሃዲ የሆነው ዮልያኖስም በዚያ ጊዜ በዚያው ከተማ ተማሪ ነበረ። ጎርጎርዮስ የንግግርንና የግጥምን ጥበብ እስከ ጥግ ደርሶ ካወቀ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ፈቃዱም በጸጥታ ተቀምጦ መጻሕፍትን መመርመርና መጸለይ ነበረ።

አባቱ ግን ሸምግሎ ነበርና በ361 ዓ.ም. መጨረሻ ሳይወድ በግድ ቅስና ሾመው። ጎርጎርዮስም ደንግጦ ወደ ጳንጦስ ወደ ባስልዮስ ሸሸ፤ በማግሥቱ ዓመት ለፋሲካ ተመለሰ። ሲመለስ ደግሞ ምጡልን እያለ ሲጮኽ የነበረው ሕዝብ ሊሰማው ሳይመጣ ቀረና ወንበሩ ባዶ ሆኖ ተቀበለው። እርሱም የሸሸበትን ምክንያት ሲያስረዳ ስለ ክህነት ክብደት የጻፈው ድርሳን ኋላ የዮሐንስ አፈ ወርቅንና የሌሎችንም አባቶች ትምህርት የመራ ሆነ። ስብከቱን የሚሰማ ሰው ያጣ ካህን ይህን ያስታውስ፤ ታላቁ ሊቅ የክህነቱን ሥራ የጀመረው ካልመጡ ምእመናን ጋር ነው።

በዚህ መካከል በእንዚናዙ ሌላ መከራ ነበረ። ንጉሥ ቍስጠንጢዮስ ኤጲስ ቆጶሳቱን ሁሉ እያስገደደ፥ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን በግልጥ የማይናገር፥ ቃሉ ለሁለት ወገን የሚተረጐም ጽሑፍ ሲያስፈርም፥ ሽማግሌው ጎርጎርዮስም በየዋህነት ፈረመ። የከተማው መነኮሳት ይህን ሰምተው ከኤጲስ ቆጶሳቸው ተለዩ፤ ከሕዝቡም ብዙ ሰው ተከተላቸው። እንዚናዙ ሁለት ማኅበር ልትሸከም የምትችል ከተማ አልነበረችም። ልጁ በአባቱና በመነኮሳቱ መካከል ቆሞ ብዙ ደከመ። መነኮሳቱን ለኤጲስ ቆጶስ ክብር ብላችሁ ታዘዙ አላላቸውም፤ አባቱንም ጥሎ ወደ እነርሱ አልሄደም። የተለያዩበት ነገር ሃይማኖት ስለ ነበረ አስቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲቃና አደረገ፤ ሽማግሌው በሕዝቡ ፊት የቀናችውን እምነት ገለጠና በ364 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች አንድ ሆኑ። በዚያን ጊዜ ጎርጎርዮስ ስለ ሰላም የሰበከው ስብከት እስከ ዛሬ አለ። የመለያየት ሥሩ ሳይነካ በአንድ ጣራ ሥር ብቻ የሚሰበሰብ ሕዝብ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳግመኛ እንደሚለያይ ብዙ አይተናልና፥ የዚህን ሥራውን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ያሻል።

አሁን ወደ ሳሲማ ነገር እንመጣለን። በዚህ ነገር ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔም ጎርጎርዮስን በሁሉ አላመሰግነውም። ንጉሥ ዋሌንስ የቀጰዶቅያን አውራጃ ከሁለት በከፈለ ጊዜ የጥያናው ኤጲስ ቆጶስ አንቲሞስ፥ መንግሥት ከተከፈለ ቤተ ክህነትም ይከፈላል ብሎ የባስልዮስን ግዛት እኩሌታ ያዘ። ከታውሮስ ተራራ ግብር ጭነው ወደ ቂሣርያ የሚሄዱ በቅሎዎች ሳይቀሩ በመንገድ ይያዙ ጀመር። ባስልዮስም ድንበሩን ለማጽናት በየታናናሹ መንደር አዲስ መንበር እየመሠረተ ኤጲስ ቆጶሳት ሾመ፤ በ372 ዓ.ም. ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳይወድ በግድ ለሳሲማ ቀባው። ሳሲማ ሦስት መንገዶች የሚገናኙባት፥ ውኃና ልምላሜ የሌለባት፥ አቧራና የሠረገላ ጩኸት የሞላባት የመንገደኞች ማደሪያ ነበረች። ጎርጎርዮስ ራሱ ነዋሪዎቿ መጻተኞችና ተላላፊዎች ብቻ እንደ ነበሩ በምሬት ጽፏል። ወደዚያ ሄዶ አንድ ቀን እንኳ ቅዳሴ አልቀደሰባትም።

ሁለቱ ቅዱሳን በዚህ ምክንያት ተቀያየሙ፤ ቅሬታውም እስከ ባስልዮስ ሞት ፈጽሞ አልጠፋም። በእኔ ግምት ጎርጎርዮስ እውነት አለው፤ ያ መንበር የተተከለው ለነፍሳት ተብሎ አልነበረም፥ ለግዛት ክርክር ነበረ። ስለ ተቀናቃኝ ብቻ የተሠራ ደብር በእኛም አገር ታይቷል፤ ቅዳሴው ቢደርስበትም ለማን እንደሚቀደስ አይታወቅም። ነገር ግን ደግሞ መንገደኛና መጻተኛ ነፍስ የለውምን? ወንጌልን የሚሰማ ሰው ውኃ ባለበት ስፍራ ብቻ ይኖራልን? ጎርጎርዮስ የሳሲማን አቧራ በግጥም አሳምሮ ሲነቅፍ፥ በዚያ አቧራ ውስጥ ስለሚኖሩት ሰዎች እንዲህ ቢጨነቅ ደግ ነበረ እላለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ይህች የናቃት ስፍራ ተመልሳ ትከሰዋለችና አንባቢ ስሟን ይያዝ።

ከዚያ በኋላ አባቱን እየረዳ በእንዚናዙ ተቀመጠ። አባቱ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ በ374 ዓ.ም. ዐረፈ፤ እናቱም ጥቂት ቈይታ ተከተለችው። ሕዝቡ ልጁን በአባቱ ወንበር ሊያስቀምጡ ወደዱ፤ እርሱ ግን ጠባቂ እስኪሾም ድረስ ብቻ እቈያለሁ ብሎ፥ ኤጲስ ቆጶሳቱ ሹመቱን ሲያዘገዩት ጊዜ ወደ ሴሌውቅያ ወደ ቅድስት ቴክላ ገዳም ሄዶ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

በ378 ዓ.ም. አርዮሳዊው ንጉሥ ዋሌንስ በጦርነት ሞተ፤ ባስልዮስም በዚያው ወራት ዐረፈ። በዚያን ጊዜ በመንግሥቱ ከተማ በቍስጥንጥንያ የቀናችው ሃይማኖት ከጠፋች ብዙ ዘመን ነበረ። አርባ ዓመት ያህል አብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ በአርዮሳውያን እጅ ነበሩ። በኒቅያ ሃይማኖት የጸኑት ጥቂቶች ኤጲስ ቆጶስም ቤተ ክርስቲያንም አልነበራቸውም። በሰው አስተያየት ቢመዘን ነገራቸው ያለቀ ነበር፤ ልጆቻቸው ወደ ትልልቁ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ከሁለት ትውልድ በኋላ ስማቸው ባልቀረም ነበር። እነዚህ ናቸው ወደ ጎርጎርዮስ ልከው ና ጠብቀን ያሉት።

በ379 ዓ.ም. መጣ። ጐባጣ፥ ራሰ በራ፥ ልብሱ ያረጀ፥ አነጋገሩም የገጠር ስለ ነበረ የከተማው ሰዎች ሳቁበት። ዘመዶቹ ቤታቸውን ሰጡትና ከቤቱ ክፍል አንዱን ቤተ ጸሎት አደረገው፤ ስሟንም አናስጣስያ አላት፤ ትርጓሜው ትንሣኤ ማለት ነው። ገንዘብ አልነበረውም፥ ወታደር አልነበረውም፥ ከቤተ መንግሥትም ወዳጅ አልነበረውም። የነበረው ቃል ነው። ሕዝቡ ጥቂት ነው ብሎ ትምህርቱን አላቀለለም፤ በዚያች ጠባብ ቤት በ380 ዓ.ም. ስለ ሥላሴ የሰበካቸው አምስት ስብከቶች ነባቤ መለኮት ያሰኙትና እስከ ዛሬ የሊቃውንት ምንጭ የሆኑት ናቸው። ኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ሮማይስጥ የተረጐመው ሄሮኒሞስ እንኳ በዚያ ወራት ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ተማረ። ምእመናኑ ጥቂት የሆኑበት ደብር ስብከት የማይዘጋጅለት ከሆነ፥ ጥቂትነቱ ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ አያስፈልግም።

መከራው ግን ወዲያው ተከተለ። በፋሲካ ሌሊት ጥምቀት በሚፈጸምበት ሰዓት ሕዝብ በድንጋይ ተነሣባቸው፤ ጎርጎርዮስም ተወጋሪ ሳለ እንደ ወንጀለኛ ወደ ዳኛ ፊት ቀረበ። በዚያ ሌሊት የተጎዳው ወዳጁ ቴዎዶሮስ ሊከስ በወደደ ጊዜ፥ ይቅር በል ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት። ከጠላት ድንጋይ ይልቅ ያቈሰለው ግን የወዳጅ ክዳት ነው። መክሲሞስ የሚባል ፈላስፋ በቤቱ አስተናግዶት፥ በሕዝብ ፊትም አመስግኖት ነበር። ይህ ሰው ከእስክንድርያ በመጡ ኤጲስ ቆጶሳት እጅ፥ ጎርጎርዮስ ታሞ በተኛበት ሌሊት፥ በስውር በዚያችው በአናስጣስያ ሊሾም ጀመረ። ሲነጋ ታወቀባቸውና ከቤተ ጸሎቱ ተባረው ሥርዓቱን በአንድ ዋሽንት ነፊ ቤት ፈጸሙት። እኛ ከእስክንድርያ መንበር ጋር በፍቅር የኖርን ሰዎች ይህን ስንጽፍ ብናፍርም ማለባበስ አይገባንም፤ ሩቅ ያለ መንበር፥ ደግ አሳቢ እንኳ ቢሆን፥ በማያውቀው አጥቢያ ላይ ሰው ሲልክ የሚመጣውን ጉዳት ያሳያልና።

ጎርጎርዮስ በዚህ ልቡ ተሰብሮ ሊሄድ ተሰናበታቸው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ከበው ያዙት፤ ወንዱም ሴቱም ሕፃናቱም እያለቀሱ እስከ ማታ ድረስ አልለቀቁትም። ከመካከላቸው አንዱ፥ አንተ ስትሄድ ሥላሴን ከዚህች ከተማ ይዘህ ትሄዳለህ የሚል ነገር ተናገረው። ይህን በሰማ ጊዜ ሌላ ጠባቂ እስኪገኝ ድረስ እቈያለሁ ብሎ ቀረ። ያች ማኅበር መዘጋትዋና መቀጠልዋ የተቈረጠው በዚህ ቀን ነው፤ የቈረጡትም ከደጅ የመጡ መርማሪዎች ሳይሆኑ በዚያች ጠባብ ቤት ሲጸልዩ የኖሩት ምእመናን ናቸው።

በ380 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲሱ ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ወደ ከተማው ገባ። የአርዮሳውያኑን ኤጲስ ቆጶስ ዲሞፊሎስን የኒቅያን ሃይማኖት ተቀበል አለው፤ እርሱም እምቢ ብሎ ሕዝቡን ይዞ ከቅጥሩ ውጭ ወጣ። ንጉሡ ጎርጎርዮስን በወታደሮች መካከል ወደ ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን አስገባው። ቀኑ ደመና ነበረ፤ ሲገቡ ፀሐይ ወጣችና ሕዝቡ ምልክት ነው አሉ። ጎርጎርዮስ ግን ደስታው ሙሉ አልነበረም፤ በመንገድ ዳር የሚያለቅሱትን አርዮሳውያን አይቶ ከተማይቱ በጦር የተያዘች ትመስል እንደ ነበረ ኋላ ጽፏል። ትልልቁን ቤተ ክርስቲያን ከተረከበ በኋላ የተባለውን ሀብት ቢጠይቅ መዝገብም ገንዘብ ያዥም አላገኘም። የውጭ ሰው አምጥቶ ሒሳብ እንዲያስመረምር የመከሩት ነበሩ፤ እርሱ ግን ተወው። ብዙዎች በዚህ ነቅፈውታል። ሊገድለው ተልኮ ወደ መኝታው የገባ ጐልማሳም እግሩ ሥር ወድቆ ሲናዘዝ ይቅር አለው።

በ381 ዓ.ም. መቶ አምሳው ኤጲስ ቆጶሳት በቍስጥንጥንያ ተሰበሰቡ። የጉባኤው አፈ ጉባኤ የአንጾኪያው መለጥዮስ ነበረ፤ ነገር ግን በጉባኤው መካከል ዐረፈና ጎርጎርዮስ ተተካ። ከዚህ ላይ ስለ ማኅበራት አንድ መሆን የሰጠውን ምክር ዘርዝሬ ልናገር እወዳለሁ።

በአንጾኪያ የኒቅያን ሃይማኖት የሚያምኑ ሰዎች ከሁለት ተከፍለው ነበር። ብዙዎቹ የመለጥዮስ ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በ362 ዓ.ም. የተሾመው የጳውሊኖስ ነበሩ፤ እስክንድርያና ሮምም ከጳውሊኖስ ጋር ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች አንድ ሃይማኖት ሲያምኑ በአንድ መሠዊያ አይቆርቡም ነበር። መለጥዮስ በሞተ ጊዜ ጎርጎርዮስ ተነሥቶ ለጉባኤው እንዲህ ያለ ምክር ሰጠ። ጳውሊኖስ ሽማግሌ ነው፥ የቀረው ዕድሜ ጥቂት ነው፤ ሌላ ሰው አትሹሙ፤ እርሱ ብቻውን እስኪሞት ይቀመጥ፤ ሲሞት ሁለቱ ሕዝቦች በአንድነት አንድ እረኛ ይመርጣሉ አላቸው። ብዙዎቹ ለጥቂቶቹ አለቃ ለአጭር ጊዜ እንዲታዘዙ፥ ጥቂቶቹም ከእርሱ በኋላ የራሳቸውን አለቃ እንዳይሹሙ ነው። ማንም ተሸነፍሁ የማይልበት ምክር ነበረ፤ ዋጋውም ትዕግሥት ብቻ ነበረ።

አልሰሙትም። ወጣቶቹ ጮኹ፥ ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው፤ የመለጥዮስ ወገኖች ፍላብያኖስን ሾሙ። የጳውሊኖስም ወገኖች እርሱ ሲሞት ኤዋግርዮስን ሾሙ። መለያየቱ እስከ 415 ዓ.ም. ገደማ ቈየ። ጎርጎርዮስ ጥቂት ዓመት ታገሡ ባለበት ነገር ሠላሳ አራት ዓመት ያህል ጠፋ፤ በዚህ ዘመን ውስጥ በአንጾኪያ ተወልደው፥ ተጋብተውና ወልደው፥ ከጎረቤታቸው ጋር ሳይቆርቡ የሞቱ ክርስቲያኖች ስንት እንደ ሆኑ እግዚአብሔር ያውቃል።

ከዚህ በኋላ የግብጽና የመቄዶንያ ኤጲስ ቆጶሳት ዘግይተው መጡና ስለ ሹመቱ ጥያቄ አነሡ። በኒቅያ ቀኖና ኤጲስ ቆጶስ ከአንዱ መንበር ወደ ሌላው መዛወር የተከለከለ ነው፤ ጎርጎርዮስ ደግሞ የሳሲማ ኤጲስ ቆጶስ ነው አሉ። እነሆ ያች ያልተቀደሰባት የመንገደኞች ማደሪያ በመቶ አምሳ አባቶች ጉባኤ መካከል ተነሥታ ከሰሰችው። ሊከራከር ይችል ነበር፤ ንጉሡም ወዳጁ ነበረ። እርሱ ግን ዮናስን አብነት አድርጎ፥ ማዕበሉ በእኔ ምክንያት ከሆነ ወደ ባሕር ጣሉኝ ብሎ ወንበሩን ተወ። ንጉሡን አሰናብተኝ ብሎ ለመነ፥ ሕዝቡንም ተሰናብቶ ወጣ። በእርሱ ፈንታ ገና ያልተጠመቀ መኰንን የነበረው ነክታርዮስ ተሾመ። ጉባኤው ግን ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት በአናስጣስያ የተሰበከውን እምነት አጸና።

ወደ እንዚናዙ ሲመለስ የአባቱ ቤተ ክርስቲያን አሁንም ጠባቂ አልነበራትም። የአቡሊናርዮስ ወገኖች ይህን አይተው ገብተውባት ነበር። ጎርጎርዮስ በሽተኛ ሆኖ ሳለ የመንጋውን ጥበቃ እንደ ገና ተቀበለ፤ ለሕክምና ወደ ፍል ውኃ ሲሄድም ቀሌዶንዮስ የሚባለውን ቄስ ተወላት። ክርስቶስ ፍጹም ሰው መሆኑን፥ ነፍስና ልብ ያለው ሥጋ መንሣቱን የሚያስረዱት የታወቁት ሁለት ደብዳቤዎች የተጻፉት ለዚህ ቄስ ነው። ታላላቅ ጉባኤዎች ኋላ የጠቀሱት ይህ ትምህርት የወጣው ኤጲስ ቆጶስ ላጣች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ከተላከ ወረቀት ነው።

ለአውራጃው ኤጲስ ቆጶሳት ለዚህ ሕዝብ እረኛ ስጡት እያለ ደጋግሞ ጻፈ። በ383 ዓ.ም. ዘመዱ ኤውላልዮስ ተሾመ። አንዳንዶች ጎርጎርዮስ ሳይፈቅድ ተሾመበት ብለው ሲያወሩ፥ የለመንሁት እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ከዚያም ወደ አርያንዝ ሄዶ በአባቱ ርስት፥ በአትክልቱና በምንጩ አጠገብ ተቀመጠ፤ በ382 ዓ.ም. ጾም ወራት ፈጽሞ እንዳልተናገረ ሁሉ አሁንም ዝምታን ወደደ። ለቅኔ ሰው የሚያስደንቀው ደግሞ በዚህ እርጅናው ብዙ ሺህ መስመር ግጥም መድረሱ ነው፤ የራሱን ሕይወት የተናገረበት አንዱ ግጥም ብቻ 1949 መስመር አለው፤ የሳሲማም የአናስጣስያም ነገር በብዛት የተገኘው ከዚያ ነው።

በ390 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ። ኑዛዜው ከጉባኤው በተመለሰበት በ381 ዓ.ም. መጨረሻ የተጻፈ ሲሆን እስከ ዛሬ ተጠብቋል። በእርሱም ሀብቱን ለእንዚናዙ ቤተ ክርስቲያን፥ ድሆችን እንድትመግብበት ሰጠ።